የዓርብ ሳጥን

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ። እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ሳል የማይለቀው ባልሽስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር አንቺን መዋሸት አልችልበትም። እጄም እግሬም ደህና ነው፤ ሌላው ግን ደህና አይደለም።

ባለፈው በስልክ በተማሪዎቼ እየተኩራራሁ አሰልችቼሽ ነበር። በሕፃናት ኩላሊት ላይ ምርምር የሚጀምሩ ሦስት ወጣቶች እንዳሠለጥን ተሰጥተውኛል፤ አንዷ ነርስ፣ አንዱ የላቦራቶሪ ሰው፣ አንዷ ደግሞ ከሩቅ አገር የመጣች ሐኪም። ሐኪሟ በቋንቋችን ስትናገር ትንተባተባለች፤ ሌሎቹ ሲስቁባት ጊዜ አፏን ዘጋች። "ዝምታ" አልናት። እኔም አዋቂ ነኝ ባይ፣ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" እየተባልን ያደግነው ይበቃል ብዬ ዘዴ አመጣሁ። የካርቶን ሳጥን አፉን ቀድጄ ቢሮዬ በር አጠገብ ሰቀልኩ። መናገር የሚያፍር ሐሳቡን ጽፎ ይከታል፤ ዓርብ ዓርብ ከፍተን እንነጋገርበታለን። ሁሉም አመሰገነኝ፤ ደረቴን ነፋሁ።

አንድ ማክሰኞ ዝምታ ለጥናታችን መረጃ ልትሰበስብ የሳንባ ሕመምተኛ ልጆች ወደተኙበት ክፍል ሄደች። እዚያ አልጋ ሰባት ላይ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። የደሟ ውጤት ኩላሊቷ ደህና ነው ይላል፤ ወረቀቱ ግን የሚያነጻጽረው ከአዋቂ ጋር ነው። ለአዋቂ ደህና የሆነው ቁጥር ለእሷ ዕድሜ ከሚገባው እጥፍ ነበር፤ የሚሰጧት መድኃኒት ኩላሊቷን እየጎዳው ነው። ዝምታ ይህን አይታ መጥታ በሬን አንኳኳች። እኔ ሪፖርት እየጻፍኩ ነበር። ቀና ብዬ እንኳ ሳላያት "ሳጥኑ ውስጥ ክተቺው" አልኳት። ከተተችው።

ልጅቱ ሐሙስ ሞተች። ዓርብ ሳጥኑን በሁሉም ፊት ከፍቼ ወረቀቱን ጮክ ብዬ ሳነብ "አልጋ ሰባት ዛሬውኑ ይታይልኝ" ይላል።

ሰኞ ኃላፊዎቹ ጠሩን። ማን ጻፈው ሲሉ ዝምታ እጇን አወጣች። "እያወቅሽ ለምን ለሰው አልተናገርሽም?" አሏት። በሬን ማንኳኳቷን አልተነፈሰችም። አስተማሪዋን አሳልፋ ላለመስጠት "አፍሬ ነው" አለች። ሊያሰናብቷት ወሰኑ። እኔስ? እትዬ፣ አጠገቧ ተቀምጬ ሆድ ይፍጀው አልኩ። ይህን ላንቺ ስጽፍ አፍራለሁ። ትናንት የሟቿ እናት የልጇን ልብስ ልትወስድ መጥታ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝና "ለፋችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ጆሮ ዳባ ልበስ ያልኩት እኔ መሆኔን ጽፌ፣ ፈርሜ ሰጠሁ። ለዝምታም ነገርኳት። ታመሰግነኛለች ብዬ ሳልጠብቅ አልቀረሁም፤ ጅል ነኝ። ሻንጣዋን አስራ ጨርሳ ነበር። "ሁለተኛ ባንኳኳ ኖሮስ?" ብላ ጠየቀችኝ። ሁለተኛም ያንኑ እላት ነበር። እውነቱን ነገርኳት።

ሥራዬን ሳይነጥቁኝ አይቀሩም፤ ለእማማ አንቺው በዘዴ ንገሪልኝ። ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባልሽን ሐኪም ቤት ይሂድ ብላለች በይው፤ እምቢ ካለ ተጣልቼዋለሁ። ትልቁ ልጅሽ በትምህርቱ ይበርታ። ያችን ትንሿን ለፍላፊ ደግሞ ግንባሯን ሳሚልኝ። ሥራ ይዘሽ ሳለ ቀሚስሽን ስትጎትት "ቆይ" አትበያት። እጅሽን ጠራርጊና አድምጫት።

ታናሽሽ
ከሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሐሙስ ጥቅምት 14 ቀን