ሁለተኛው እጅ ሳይቀባ

ለውድ ባለቤቴ፣ ለባሕር ማዶዋ ተማሪ፤

እንዴት ነሽልኝ? ብርዱስ? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ ወይስ እንደ ክፉ ተከራይ አልወጣም ብሎ ተቀምጧል? ካፖርትሽን ቆልፊ፣ አንገትሽን ሸፍኚ። እኔ ከናፍቆትሽና ከአንዲት ጥቂት ነገር በስተቀር ደህና ነኝ። «ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» የሚለውን ያስተማረችን መምህርታችን ናት፤ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ብላ። ጥቂቷን ነገር የጨመርኩት እኔ ነኝ። ወደ ታች እደርስባታለሁ። ዘለሽ እንዳታነቢ፣ አውቅሻለሁ።

አሁን ተቀመጪ። ተቀመጥሽ? ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እህትሽ አይደለችም። ለምኜ ያጻፍኩትም ሰው የለም። ሰፈሩ ሁሉ «መሰላል» የሚለኝ ባልሽ፣ ቁመቱንና ሥራውን በአንድ ስም የጠቀለሉለት ቀለም ቀቢ፣ በገዛ እጁ ጻፈልሽ። ካላመንሽ ወረቀቱን አሽትቺው፤ ቀለም ቀለም ይላል።

የማታ ትምህርት ገባሁ ብዬ በስልክ ስነግርሽ «አንተ? ማን ከመሰላል አወረደህ?» ብለሽ ሳቅሽ። ያን ቀን ወሬውን ወደ ሌላ አዞርኩት። አሁን ግን ልንገርሽ፤ ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። ስንት ተማሪ እንዳለ ምን አስጠየቀሽ? ዳቦ ሻጯ ሴትዮ ትከተለኛለች። ከእሷ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ የጥበቃ ሠራተኛ አሉ፤ እሳቸው ግን መብራቱ ሲበራ ይተኛሉ፣ ሲጠፋ ይነቃሉ። የምንቀመጠው ቀን ቀን ሕጻናት የሚማሩበት ዴስክ ላይ ነው። እኔ አንድ እግሬን ወደ መተላለፊያው ዘርግቼ ነው የምቀመጠው፤ መምህርታችን ፈቅዳልኛለች። ሽማግሌው ሲያልፉ ይደናቀፉና «ይሄን መሰላል ማን እዚህ አጋደመው?» ይላሉ።

መጀመሪያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ውጣ የተባልኩ ቀን ክፍሉ ጉድ አለ። ዕድሜ ልኩን ግድግዳ ላይ መስመር ያወጣ እጅ ጠመኔ ይፈራል? ከዳር እስከ ዳር ቀጥ አድርጌ ጻፍኩት። መምህርታችን ራቅ ብላ አየችው፣ ቀረብ ብላም አየችው። «አጻጻፉ በጣም ያምራል አባቴ፣ ምን እንደሚል ብቻ አልገባኝም» አለችኝ። ልጄ ብትሆን የምትደርስ ናት፤ ለዚህ ነው አባቴ የምትለኝ፣ እንዳትቀኚ። ዛሬ ግን የጻፍኩት ሁሉ ይነበባል። ያልተነበበልሽ ካለ ጥፋቱ የዓይንሽ ነው።

እንግዲህ ቀልዱን እዚህ ላይ አስቀምጬ ወደ እሁዱ ስልክ ልመለስ።

«ደከመኝ» አልሽኝ። «ዓመቱ አለቀ፣ እኔም አብሬው አለቅሁ» አልሽ። «ሁለተኛውን ዓመት ትቼ ልምጣ? አንተ ነይ ካልከኝ ነገውኑ እመጣለሁ» አልሽ። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ አፌ ቀደመኝና «ነይ፣ ሳህኑ ተከምሮ ይጠብቅሻል» አልኩሽ። አልሳቅሽም። ከዚያ ካርድ አልቆ ይሁን አንቺ ዘግተሽው ይሁን ስልኩ ጸጥ አለ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ከቤቱ አልወጣም። ራት ስበላ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል።

ዓመትሽን እኔም አብሬ የኖርኩት ስለሆነ ምን እንዳደከመሽ አውቃለሁ። አንቺ ከውስጥ ሆነሽ አየሽው፣ እኔ በስልክ ቀዳዳ። እንደደረስሽ መጀመሪያ የነገርሽኝ ስለ ክፍልሽ ነበር። አልጋውና ጠረጴዛው ተጣብቀው፣ በሩ እንዲከፈት ወንበሩ አልጋ ላይ መውጣት አለበት አልሽ። መስኮቱስ ምን ያሳያል ብልሽ «ግድግዳ» አልሽኝ። ምን ዓይነት ቀለም? «እንጃ፣ ምንም።» ምንም የሚባል ቀለም የለም ብዬ ተቆጣሁሽ። በማግስቱ ደውለሽ «አመድማ ነው፣ ከታች ተልጧል» አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ ያንን ግድግዳ በሐሳቤ ስንት ጊዜ ፍቄ፣ ስቱኮ መትቼ፣ እንደቀባሁት! አንድ ቀን እንኳ ደስ የሚል ነገር እያየሽ ብትነሺ ብዬ ነው።

ክፍል የገባሽ ቀን ልጆቹ አስተማሪ መስለሻቸው ተነሡ፤ ከኋላ ሄደሽ ስትቀመጪ ተሳሳቁ። አስተማሪው አውቶቡስ ሊያመልጠው እንደሆነ ሰው እየተጣደፈ ነው የሚያወራው አልሽ። እዚህ የስንቱን ሰው ልጅ ፊደል ያስቆጠርሽ ሴት፣ እዚያ ቃል እየለቀምሽ ማታ ማታ ስትፈቺ ከረምሽ። ከዚያ ያ የደከምሽበት ጽሑፍ በቀይ ተሰርዞ «እንደገና» ተብሎ ተመለሰ። መታጠቢያ ቤት ገብተሽ አልቅሰሽ፣ ፊትሽን ታጥበሽ፣ የእጅ ማድረቂያው ነፋስ ፀጉርሽን አቁሞት እንደ ዶሮ ሆነሽ እንደወጣሽ አወራሽኝ። እያሳቅሽ ነው የነገርሽኝ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። አንቺ ሴት ሙያዬን ሰረቅሽኝ ማለት ነው! በቀልድ መሸፋፈን የኔ ነበር። ለአንድ ቤት አንድ ሰው ይበቃ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ በዚህ እንኳ ዩኒቨርሲቲሽ አይበልጠኝም። ቤት ሲቀባ አንደኛ እጅ ይቀባና እንዲደርቅ ይተዋል። አንደኛ እጅ ያስጠላል። እዚህ ይዥጎረጎራል፣ እዚያ አሮጌው ቀለም ከሥር ብቅ ይላል፣ የብሩሹ መንገድ ሁሉ ይታያል። ለዚህ ነው በዚያ መሐል ባለቤት እንዲያይ የማልፈቅደው፤ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ «አክስትዎን ጠይቀው ይምጡ» እላለሁ። አንድ ጊዜ ግን አንዲት ሴትዮ ሳላያት ገባች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ «ቤቴን አበላሻችሁት!» ብላ አለቀሰች። ይድረቅና ሁለተኛውን እንቀባለን ብንላት፣ ብንለምናት፣ አልሰማ አለች። አባረረችን። ከስንት ጊዜ በኋላ በደጇ ሳልፍ ቤቱ እንደተውነው አለ። ከጎረቤት እንደሰማሁት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ቀለሙን መቼ ነው የምትጨርሱት?» ይላታል አሉ። ሴትዮዋ የማታውቀው ነገር ቢኖር ከባዱ ሥራ ያለቀው በአንደኛው እጅ መሆኑን ነው። ሁለተኛው በሱ ላይ ይንሸራተታል።

አንቺም አሁን ደረጃው ላይ ተቀምጠሽ እያለቀስሽ ነው፤ ይታየኛል።

ወደዚያች ጥቂት ነገር መጣሁ። እኛ ሥራ ቦታ አንድ ቀቢ አለ። ስሙን ተዪው፤ ጉረኛ ነው፣ ስሙ ከተነሣ ይኮራል። አንድ ባለ ፎቅ ሕንጻ ላይ የላይኛውን ክፈፍ ሲቀባ ውሎ ጨረሰ። እጁን ይባርከውና እንከን የለውም። ቀቢ ሲጨርስ ምን ያደርጋል? ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ብሎ ሥራውን ያያል። ሁላችንም እንዲያ ነን፤ መሬት ላይ ሆነን ግን። ይኼ ሞኝ የቆመው መወጣጫው ጣውላ ላይ መሆኑን ረስቶ፣ እንዴት አድርጌ ቀብቼዋለሁ እያለ፣ ወደ ኋላ አለ።

ምድር ላይ ተዘርሮ መጀመሪያ የጠየቀው ምን ይመስልሻል? «ቀለሙ ተንጠባጠበ?» ሰዎቹ እያለቀሱ ሳቁ። ባልዲው እላዩ ላይ ተደፍቶ ነበርና ሐኪም ቤት የደረሰው ነጭ ሆኖ ነው። ነርሷ «ደሙ ሁሉ ፈስሶ አልቋል እንዴ?» ብላ ጮኸች። ጄሶ ታሰረለት፣ ከርሞ ተፈታ። አጥንቱ ገጥሟል፤ ግን ጠሞ ነው የገጠመው። ቀጥ ያለ መስመር ለሚያወጣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ስድብ ነው። ሐኪሙም «መሄዱን ትሄዳለህ፣ ከፍታ ግን እርሳው» አለው። አሰሪያችን ደግ ሰው ነው፣ ወንበር ሰጠው። ተቀምጦ ቀለም ሲበጠብጥ ይውላል። እንዳይከፋው ብለው «አለቃ» ይሉታል፤ እሱም ያልገባው መስሎ «አቤት» ይላል።

አንቺ ደግሞ በዚያ ሰሞን «ድሮ ስደውል አታነሣም ነበር፣ አሁን ገና ሳይጠራ ታነሣለህ፤ ሥራ የለህም እንዴ?» ብለሽኝ ነበር። አለቃ ሆኛለሁ አልኩሽ። እልል አልሽልኝ። እግዜር ይስጥሽ፤ እልልታሽ ቆንጆ ነበር።

ያ ሞኝ ለሚስቱ መንገር ቢጨንቀው እኔን አማከረኝ። በስልክ እንዳትነግራት አልኩት። ድምፅህን ታውቀዋለች፣ ገና «ሃሎ» ስትላት ሻንጣዋን ትዘጋለች። ጻፍላት፤ ወረቀት አያቃስትም። «መጻፍ መች አውቃለሁ?» አለኝ። ተማራ! አልኩት፤ ቁጭ ብለህ አይደል የምትውለው? እንግዲህ ሰውዬው ተማረ አሉ። ከክፍሉም አንደኛ ነው።

ስሚኝ የኔ እመቤት። «ደከመኝ» የሚለውን ቃል መጻፍ ከቻልኩ ቆይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን ወረቀት ላይ አላሰፈርኩትም። ደከመኝ። ይኸው፣ ጻፍኩት። ጠዋት ጫማ ማድረግ ይደክማል። ሰው ሲስቅልኝ አብሬ መሳቅ ይደክማል። ቤት ገብቼ «ዛሬ ምን ዋልክ?» የሚለኝ ሲጠፋ ለሳህኑ ማውራት ይደክማል። ብትመጪ ቤቱ ይሞቅ ነበር፣ ይህን መካድ አልችልም። ግን ለስንት ወር? ከዚያ አንቺ እኔን እያየሽ፣ እኔም አንቺን እያየሁ፣ ማን ማንን እንዳስቀረ ሳንነጋገር እናረጃለን። እኔ ያንን አልችለውም። ጠማማ አጥንት እችላለሁ።

ስለዚህ ነይ አላልኩሽም። በእሁዱ ስልክ ያልኩሽ ቀልድ ነው፣ ተነሥቷል። ጨርሰሽ ነይ። ቀዩን እስክሪብቶ አትፍሪው፤ እኔም ደብተሬ ቀይ በቀይ ነበር። ያ ተጣዳፊ አስተማሪ ደግሞ ካስቸገረሽ እጅሽን አውጥተሽ «ቀስ በሉ» በዪው። መምህርታችንን እንዲህ ብያት «ማለፊያ ጥያቄ» ብላኛለች።

ስትመጪ እንዳይገርምሽ ጥቂት ነገር ልጠቁምሽ። አልጋችንን ወደ ፊተኛው ክፍል አዛውረነዋል፤ ለማንበብ ብርሃኑ ይሻላል። ደረጃው ላይ እህትሽ የእጅ መደገፊያ አስመታችበት፤ ውበት ነው። መሰላሌን ለጎረቤት ሰጥቼዋለሁ፣ መልስልን እንዳትዪው። እህትሽ ሰበብ እየፈለገች በየቀኑ ብቅ ትላለች፣ ምግብም ትይዛለች፤ ብትደውዪላት ግን ስለ እኔ ብዙ አትጠይቂያት፣ ወሬ ማሳመር ትወዳለች፣ አፏንም መያዝ አትችልም። ከበሩ ኋላ የቆመው ከዘራ የዚያ ሞኝ ነው። ሲመጣ ይዞት ይመጣል፣ ሲሄድ ረስቶት ይሄዳል።

ፈጣሪ አእምሮሽን ያብራልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። የተመለሰብሽን ጽሑፍ በእጥፍ ያሳምርልሽ። ከመስኮትሽ ፊት ያለውን ግድግዳ የሚቀባ ደግ ሰው ያስነሣልሽ፤ ካልተገኘም ስትጨርሺ አይተሽው የማታውቂ ያድርግሽ። የሄድሽበትን አሳክቶ፣ ሁለታችንን በአንድ ገበታ ያገናኘን።

አንድ የመጨረሻ ነገር። የዛሬ ዓመት ስትመለሺ ልቀበልሽ መምጣቴ አይቀርም። ከሰዉ መሐል አንድ ረጅም ሰው እያነከሰ ወደ አንቺ ሲመጣ ብታዪ ያ ሞኝ ነው፤ ይዤው እመጣለሁ። እንዳትቆጪው፣ እንዳታለቅሺበትም። ገና አንደኛ እጅ ነው የተቀባው፣ እየደረቀ ነው።

ባልሽ፣
ከክፍሉ አንደኛው