ከግንቡ ማዶ የወደቀችው ፍሬ

ለባለቤቴ ለአስካለ፣

ከተለየሽኝ ዘጠኝ ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። የምጽፍልሽ ከመሠረተ ትምህርት ባመጣሽው ደብተር ላይ ነው፤ ያልጨረስሻቸው ገጾች አሉ። ከጎረምሳ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ አልቀመጥም ብዬ እምቢ ስል እቤት ያስቆጠርሽኝ ፊደል ይኸው ላንቺው ሆነ። ጠማማ ነው ብለሽ እንዳትስቂ። ድንጋይ ቢሆን ቀጥ አድርጌ እደረድረው ነበር።

እኔ ደህና ነኝ። ውሸቴን ነው። ቤቱ እንደተውሽው ነው፤ የኋላ በራችን ዛሬም ትከሻዬን ትልጠኛለች። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ እገባለሁ፣ ብገባም ባልገባም የሚጠይቀኝ የለም። ቀኑን ሙሉ ግንቡን አያለሁ። ሌላ የማየው ነገር የለማ።

የግንቡን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ግን አንድ ጊዜ በራሴ እጅ ልጻፈው። አዋጁ ወጥቶ በትልቁ በር በኩል ያሉትን ሁለት ክፍሎች ትርፍ ቤት ናቸው ብሎ ቀበሌ ሲወስዳቸው፣ ተከራያችን ከድጃ የቀበሌ ተከራይ ሆና እዚያው ቀረች። አዋጅን መጣላት አይቻልም። ስለዚህ የተጣላሁት ከሷ ጋር ነው። ግቢውን ለሁለት የሚከፍል ግንብ በሳምንት ጨረስኩ፤ ከዚህ ማዶ እግሬ ቢያልፍ ልደታ ትፍረድብኝ ብዬም ራሴን ገዘትኩ። አንቺ ጭቃ እያቀበልሽኝ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ትልቁ በር እኮ በነሱ በኩል ቀረ» አልሽኝ። ያን ሁሉ ቀን በቱምቢ ስለካ ይህንን አላየሁም ነበር። አላየሁም ማለት ደግሞ ሞት መሰለኝ። በስርቻው በኩል ጠባብ በር ከፈትኩና ሰባት ዓመት በጎናችን ስንገባ ስንወጣ ኖርን።

ያቺ የቀብርሽ ቀንም የመጣችብኝ ከዚያ ነው። የእድር ሰዎች ሳጥንሽን ይዘው በኋላ በር ሞከሩ። መታጠፊያው ላይ አልዞር አለ። አንዴ በጎን፣ አንዴ አቁመው። አንዱ፣ ሰው እንዲህ አይንገላታም ብሎ ጮኸ። በመጨረሻ በግንቡ ላይ አሻግረው ወደ ከድጃ ግቢ አቀበሉሽ፤ በግንቡ ላይ የምትሳበው ሐረግሽም እግራቸው ሥር ተጨፈለቀች። ከድጃ ትልቁን በር ወለል አድርጋ ከፍታ እያለቀሰች ቆማ ነበር አሉ። አሉ የምልሽ ስላላየሁ ነው። እኔ ግዝት አለብኝና በኋላ በር ወጥቼ፣ በቦዩ ዳር ዞሬ፣ እየሮጥኩ መንገድ ላይ ደረስኩብሽ። አርባ ዓመት አብሬሽ ኖሬ፣ ከቤትሽ ስትወጪ አጠገብሽ አልነበርኩም።

ሐረግሽን ልንገርሽ። ያቺን ቢጫ ፍሬ ታስታውሺያለሽ፣ አዋሽ እርሻ ላይ መጋዘን ልገነባ ሄጄ በኮት ኪሴ ያመጣሁልሽ፤ ፈረንጆቹ ፓሽን የሚሏት። ጥቁሯ በየትልልቁ ሰው ግቢ አለች። ቢጫዋን ግን ከአብነት እስከ ሰንጋ ተራ ያበቀለ ሰው አላየሁም። የቆላ ናት፣ በዚህ ብርድ አትይዝም ሲሉን አንቺ ከዘሯ ሁለት ችግኝ አወጣሽ። ግንቡ ሲሠራ አንደኛዋ በማዶ ቀረች፣ አንደኛዋ ከኛ ጋር። ድንጋዩ ፀሐይ ይዞ ያሞቃት ነበርና አፈራች። ለመጣው ሰው ሁሉ፣ ይህ የኔ ግንብና የኔ እጅ ነው እል ነበር። አንቺ ዝም ትያለሽ።

ዘንድሮ ያ የተጨፈለቀ ሐረግ እንደገና አቆጥቁጦ አበባው እንደ ጉድ ፈካ። ስድስት ሰዓት ላይ ይከፈታል፣ ሲመሽ ይከደናል፣ በነጋታው ይረግፋል። አንድም ፍሬ የለም። አመድ ጨመርኩ፣ እበት ጨመርኩ፣ ሰደብኳት። ግንዷ ያን ቀን ተሰንጥቆ ኖሮ ከሥሩ መድረቅ ጀመረ። አንቺ ደግሞ ዓይንሽን ልትከድኚ ስትይ፣ «ሐረጌን አደራ፣ ዘሯ እንዳይጠፋ» ብለሽኛል።

አንድ ቀን በስድስት ሰዓት ጥላው ሥር ተቀምጬ ሳለ ከግንቡ በላይ እጅ ወጣ። አምባር ያለበት የሴት እጅ። በጣቶቹ አበባ ይዟል። እየዳበሰ የኛን አበባ ፈለገና በያዘው አሸት አሸት አደረገው። ከማዶ የከድጃ ድምፅ፣ «እትዬ አስካለ፣ የዛሬውን ሠርቻለሁ። እርስዎ በዚያ በኩል ስለሌሉ ግን እጄ የሚደርሰው ከአንዲት አበባ ላይ ብቻ ነው። ያ ሽማግሌ እንደሆነ አበባ በስድብ የሚያፈራ መስሎታል» አለ።

እንደምሰማት ታውቃለች። ለኔ መናገር ስለከለከልኳት ላንቺ ተናገረች።

ያኔ ገባኝ። በየቀኑ በርጩማሽን ይዘሽ ወደ ግንቡ ስትሄጂ፣ ምን ልትሠሪ ነው ስልሽ፣ «ንቦቹን ላግዝ» ትይኝ ነበር። ሐረጓ ለብቻዋ አታፈራም ለካ። የማዶዋ አበባ ዱቄት ካልነካት ባዶ ናት፤ የማዶዋም ያለኛዋ እንዲሁ። ሁለታችሁ ሰባት ዓመት በግንቤ ላይ አበባ ስትቀባበሉ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እፎክራለሁ። ተናድጄ ነበር። በማን እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ ሁሉ አበባ አንዲት ፍሬ ያዘች። እሷም ወደ ከድጃ ግቢ በተንጠለጠለው ቅርንጫፍ ላይ። በርጩማሽ ላይ ቆሜ አያታለሁ፣ እጄ አይደርስም። ቢደርስም አትቆረጥም፤ ስትበስል ራሷ ትወድቃለች ያልሽው አንቺ ነሽ። ንስሐ አባታችን ዘንድ ሄጄ ከግዝቴ ይፍቱኝ አልኳቸው። «መጀመሪያ ከሴትዮዋ ታረቅና ና» አሉኝ። ሳልፈታ እንዴት ልሻገር? ሽማግሌ ላክ አሉኝ። እኔ በየነ፣ በገዛ ግቢዬ ሽማግሌ ልላክ! እንዲህ ሆኜ በግዝቴና በአደራሽ መሃል እንደ ኋላ በራችን ተጣብቄ ከረምኩ። ሐረጓም ቅጠሏን አራገፈች።

ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ከማዶ ዱብ ሲል ሰማሁ። ከድጃም፣ «እትዬ አስካለ፣ ወድቃለች። አይጥ እንዳይበላት እንቅብ ደፍቼባታለሁ። እኔ አላነሳትም። ባለቤቷ በበር መጥቶ ያንሳት» አለች።

ሌሊቱን እንዴት እንዳደርኩ አልነግርሽም። ጠዋት ተነሥቼ ያንን የሠርጋችንን ኮት ለበስኩና ይህን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። በኋላ በር ወጥቼ፣ ያን ቀን በሮጥኩበት በቦዩ ዳር ዞሬ፣ በገዛ እጄ የሰቀልኩትን ትልቅ በር አንኳኳለሁ። የራሴን በር ሳንኳኳ የመጀመሪያዬ ነው። ለከድጃ ምን እንደምል አላውቅም። ይቅርታ የሚለውን ቃል መጻፍ አስተምረሽኛል፣ መናገሩን ግን አላስተማርሽኝም።

ዘሯን በሁለት እከፍለዋለሁ፤ ግማሹ በዚህ፣ ግማሹ በዚያ። ሙት ዓመትሽ ሲደርስ ችግኝ ይሆናል። አበባ ስታወጣ በርጩማሽ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። በቀን አንድ ጊዜ ስድስት ሰዓት አለ፤ በዕድሜዬ የቀረችው ስድስት ሰዓት ሁሉ ያንቺ ናት፣ አልረሳሽም።

እግሬ ቢያልፍ ልደታ ትፍረድብኝ ብዬ ነበር። ትፍረድብኝ።

ባልሽ በየነ