ቁጥር ያልተጻፈበት ድንጋይ

ሚያዝያ 6
"በመጋዘን 2 ተከማችተው የነበሩ፣ የንብረት ቁጥር ያልተጻፈባቸውና ጥቅም የማይሰጡ ድንጋዮች ለኮምቦልቻው ግቢ የአጥር ግንባታ እንዲውሉ መደረጉን እንገልጻለን።"
ቃል በቃል ገለበጥኩት። ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው። ጥቅም የማይሰጡ... ማን መረመራቸው? ጠዋት ለተማሪዎች መልመጃ የሚሆን ድንጋይ ላመጣ ገባሁ፤ መደርደሪያው ባዶ። ደብዳቤው በሩ ላይ ተለጥፏል። ከቢስቲማ ያመጣሁት ድንጋይም የለም። አንድ ብቻ ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት እሱ ላይ ነው።

ሚያዝያ 7
ጥናቴን የላክሁለት ጆርናል ያለው ግልጽ ነው፦ በድንጋዩ ውስጥ ያገኘሁት ማዕድን አዲስ እንዲባል ልኬቱ ከዚያው ድንጋይ እስከ ሰኔ ማብቂያ ይደገም። መጀመሪያ የለካኋት የማዕድኑ ፍሬ ተፈጭታ አልቃለች።
ንብረት ክፍል ሄጄ አስረዳሁ። ቲታኒየምና ኦክስጅን ተያይዘው ቤት ይሠራሉ፤ ቤቱ ውስጥ ሶዲየም ይቀመጣል። ትኩስ ውሃ በድንጋዩ ሲያልፍ ሶዲየሙን አጥቦ ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ ቤቱም አብሮ ይፈርሳል። የቢስቲማው አልፈረሰም። በወጣው ፋንታ ባሪየም ገብቶበት ቆሟል። እንዲህ ያለ ሌላ ቦታ አልታየም... ሰምተው ምን አሉ? "ወርቅ አለው?"

ሚያዝያ 9
ኮምቦልቻ። የላቦራቶሪያችን ባለሙያ ዊዳድ አብራኝ መጣች። የአጥሩ መሠረት ሲሚንቶ ፈሶበታል። የቀረውን ክምር ማጉያ መነጽር ይዤ ተንበርክኬ አንድ በአንድ አየሁ። የለም። ጥቁር፣ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት ብዬ ለግንበኛው ለቀለሙ ነገርኩት።
"ዶክተር፣ እኔ ፊቱን እንጂ ሆዱን አላይም። ፊቱ ያማረ ከነበረ ማዕዘን ላይ ገብቷል።"
የትኛው ማዕዘን? አራት ናቸው።

ሚያዝያ 10
የቢስቲማው ድንጋይ የነበረበትን ከረጢት ዊዳድ ከመጋዘኑ ጀርባ አገኘችው። ጫኞቹ ድንጋዩን አውጥተው ጥለውታል። ወረቀቱ ውስጡ አለ፤ ቁጥሩ በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ ጥርት ብሎ። አምጥታ ሰጠችኝ። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።
አምና ድንጋዩ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር እንጻፍበት ብላኝ ነበር። ነጭ ቀለም ውስጥ ቲታኒየም አለ፣ ልኬቴን ልታበላሺ ነው ብዬ ተማሪዎች ፊት ጮህኩባት። አንድ ጥጉን ብቻ ብንቀባውስ? ያን ጊዜ ይህ ለምን አልታየኝም?

ሚያዝያ 11
ድንጋዮቹን ማን እንደመረመረ ንብረት ክፍልን ዛሬም ጠየቅኩ፤ "ነገ ይመለሱ" አሉኝ።

ሚያዝያ 14
ቢስቲማ። ድንጋዩ የወጣው አቶ ሙሄዲን የውሃ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ ነው፣ ከዐሥራ አራት ሜትር። አሁን ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኗል። ሠላሳ አባወራ ይቀዳበታል። የሆነውን ነገርኳቸው። 
"ሲሚንቶውን እንስበረዋ። ወላሂ፣ አሁኑኑ ልጆቹን እጠራለሁ። ክረምት እስኪገባ ከወንዝ እንቀዳለን። ውሃውን መርምረው ጠጡ ያሉን እርስዎ አይደሉ?"
ወንዙን አውቀዋለሁ፤ ሰው ያሳምማል። እንቢ አልኳቸው። ግን ቶሎ አላልኩም... አሰብኩበት። እሱ ያሳፍረኛል።

ሚያዝያ 20
ዊዳድን ይቅርታ ጠየቅኳት። "አፉ ብያለሁ ዶክተር" አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ግንቦት 1
ለንብረት ክፍል የሰጠሁት፣ ግልባጭ፦
"ድንጋዩ ላይ ቁጥር ያልጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቴን በፊርማዬ አምናለሁ። ከረጢቱ ውስጥ የነበረውን የቁጥር ወረቀት ቅጂ አያይዣለሁ። 'ጥቅም የማይሰጡ' ያለው ማን እንደሆነና በምን እንደመረመረ ግን ይነገረኝ። አጥሩ ይፍረስ አልልም። ከአራቱ ማዕዘኖች በቀጭን መሰርሰሪያ ናሙና እንዳወጣ ይፈቀድልኝ፤ ካልሆነም መከልከሌ ይጻፍልኝ። የቃል መልስ አልቀበልም። እስከ ግንቦት 15 ቀን፣ ከቀኑ 11፡30 ድረስ፣ በጽሑፍ፣ ስምና ፊርማ ያለበት መልስ ይሰጠኝ።"