በአማቴ ላይ የፈረድኩ ሰሞን

ዐርብ፣ ቡሬ

ዳኛ ሆንኩ። እኔ፣ ፈንታ ልብስ ሰፊው፣ የገዛ መቀሴን ስፈልግ የምውለው ሰውዬ፣ ዛሬ ጧት ዳኛ ሆንኩ። ምን ጉድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን በዚህ ሳምንት ምሽጉን ጥሎ በደምበጫ በኩል ነጎደ። ደብረ ማርቆስን ገና አልለቀቀም፤ እኛ ግን ከወዲሁ መተንፈስ ጀምረናል። ከምሽጉ በር ላይ ለበቅሎዎቹ ያበጀው የሲሚንቶ ገንዳና ቧንቧ አለ። ውሃው የኛው ምንጭ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ከበታች ሆነን የጣሊያን በቅሎ ትራፊ ስንጠጣ ኖርን። አሁን ወጣልን ስንል ባላምባራስ ዳምጤ ከነአርበኞቻቸው ከጫካ ገቡና በቅሎዎቻቸውን እዚያው ገንዳ ላይ አሰሩ። ምሽጉን መጀመሪያ የረገጥኩ እኔ ነኝ፣ ገንዳውም የእኔ ነው ይላሉ። በቅሎው ተለወጠ እንጂ ትራፊው ያው ነው።

ዛሬ የገበያ ሰፈር ሴቶች እንስራቸውን ይዘው ገንዳውን ከበቡት። ከፊት የቆሙት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? አማቴ፣ እመት አንጓች ጠላ ጠማቂዋ። እኔ አቡጄዲ ተሸክሜ ወደ ሱቄ እየሄድኩ ደረስኩ። አንዱ አርበኛ ሴቶቹን በሰደፍ ገፋ ሲያደርግ የሴቶቹ ባሎች ጠመንጃ ይዘው ከየቤቱ ወጡ። ያን ጊዜ አማቴ እንስራቸውን መሬት አስቀምጠው ጮኹ።

«በሕግ አምላክ! በንጉሥ አምላክ!»

ሁሉም ባለበት ቀረ። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ይህን ቃል በአደባባይ ያለ ሰው አላየሁም፤ የሚያስከትለውን እናውቃለና። በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባላል። ውሃውስ አልቆመም፣ ቧንቧው ክፍት ነበር። ባላምባራስ ግን አንድ እግራቸውን አንስተው ቀሩ። ለዚህ ንጉሥ ሲሉ ስንት ክረምት ጫካ ያደሩ ሰው በስሙ ሲለመኑ እንዴት ይራመዱ? አንድ ሽማግሌ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እዋሻለሁ።

ከዚያ ደንቡ ነውና ዳኛ ተፈለገ። መንገድ የሚያልፈውን ሰው ያስቆማሉ፤ የቆመውም እንቢ ማለት አይችልም። አርበኛው ዞር ሲል እኔን አገኘ፤ ክንዴን ይዞ ከድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ። የባላምባራስን ጋቢና የአማቴን ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ቋጠሩት። እንደ ጥንቱ ወግ ውርርድ ገቡ። ባላምባራስ «ብረታ፣ አንድ በቅሎ ይሁንብኝ» አሉ። አማቴም አላነሱ፣ አንድ ጋን ማር አስያዙ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ከኋላ አንዱ «ዳኛው እኮ አማቻቸው ነው» ያለው። ሕዝቡ ሳቀ። ባላምባራስ አላሳቃቸውም፤ ትክ ብለው አዩኝና «ተቋጥሯል፤ ይፍረድ» አሉ።

ለእሑድ ቀጠርኩ። ምን ላድርግ?

ሚስቴ ጥሩወርቅ ለበኩር ልጇ እናቷ ቤት ገብታለች፣ እንደ ወጉ። ቀኗ ደርሷል። በእናቷ ላይ ብፈርድ ያ በር ይዘጋብኛል። ለእናቷ ባዳላ ደግሞ ከእንግዲህ በቡሬ በሕግ አምላክ ቢባል የሚቆም አይገኝም፤ ወንዶቹም ጠመንጃቸውን መልሰው ያነሳሉ። ወይ ጣጣ።

ቅዳሜ

ገበያው ሞቅ ብሏል። ከሽንዲ፣ ከማንኩሳ የመጣው ሁሉ ሱቄን ይጎበኛል፤ የሚሰፋ ጨርቅ ይዞ የመጣ ግን የለም፣ ሁሉም ምክር ይዞ ነው። አንዱ አማትህን እንዳታስቀይም ይለኛል፣ አንዱ ባላምባራሱን። አንዱማ ታመምኩ ብለህ ተኛ አለኝ። ይኼኛው ምክር ጣመኝ።

ጧት ከባላምባራስ ሰፌድ ሙሉ የማር እሸት መጣልኝ። «ለጾሙ ነው» አለ ያመጣው ሰው። ከሰዓት በኋላ ከአማቴ ቤት አንድ ማሰሮ ጠላ መጣ፤ ጥሩወርቅ ሰላም ብላሃለች የሚል መልእክትም አለው። ሁለቱንም መለስኩ። ጠላውን መመለስ አልከበደኝም፤ ሰላምታውን መመለስ ነው የከበደኝ። ማሩም ትንሽ ቆጭቶኛል።

ማታ ሳይደርስ ብቻዬን ወደ ምንጩ ወጣሁ። ዳኛ ሳያይ አይፈርድም ብዬ። ገንዳው አጠገብ ፋንድያ ተከምሯል፣ ያልተጠበቀ አይደለም። ግን ከገንዳው በላይ፣ ከምንጩ ዓይን ዳር፣ ምን አገኘሁ? አተላ። የጌሾ ቅጠል። ጋን የታጠበበት ጥቁር ውሃ ወደ ቧንቧው ይወርዳል። በዚያ በኩል ጠላ የሚጠምቁ አንዲት ሴት ብቻ ናቸው።

አበስ ገበርኩ አልኩና ቁጭ አልኩ።

እሑድ፣ ምኩራብ

ፈረድኩ።

ቅዳሴ ሲወጣ ሕዝቡ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ሁለቱ ዳግም ተቋጠሩ። ባላምባራስ ተናገሩ፣ ስለ ጫካው፣ ስለ ቁስላቸው፣ ስለ በቅሎዎቻቸው ድካም። ጥሩ ተናገሩ። አማቴም ዳኛ ሲገኝ ተናገር ውሃ ሲጎድል ተሻገር ብለው ጀመሩ፤ ስለ ሕፃናት ሆድ ቁርጠት፣ ስለ ሴቶቹ ወገብ አወሩ። እሳቸው የበለጠ ተናገሩ። ሁሉም አማቴ እንደረቱ ቆጠረ።

«እመት አንጓች፣ ጋንዎን የት ያጥባሉ?» አልኳቸው።

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። አማቴ ክፉም ይሁኑ ደግ፣ መዋሸት አያውቁበትም፤ ይህን አውቄ ነው የጠየቅኋቸው፤ እንዲያውም ስለዚህ ነው ጥያቄው የከበደኝ። «ከምንጩ ዳር» አሉ ቀስ ብለው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ፍርዱን እንዲህ ሰጠሁ። ከቧንቧው ሰው ብቻ ይቅዳ፣ በተራ፣ ከላይ ሰፈርም ከገበያ ሰፈርም የመጣ ሁሉ። በቅሎና ከብት ከበታች፣ ባላምባራስ ሰው አሰልፈው በሚቆፍሩት ገንዳ ይጠጣ። ጋንና ልብስ ከከብቱም በታች ይታጠብ። ሁለታችሁም ተረታችሁ። በቅሎውም ማሩም ለከተማው ይሁን።

መጀመሪያ የሳቁት ባላምባራስ ናቸው፤ እንባ በእንባ እስኪሆኑ። ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ። ቋጠሮው ተፈታ፣ ሰው ተቃቀፈ፣ ጠመንጃ የያዙትም ጠመንጃቸውን አንግተው ወደየቤታቸው ሄዱ። እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም።

አማቴ አልሳቁም። ነጠላቸውን አራግፈው በአጠገቤ ሲያልፉ «ልጄን የሰጠሁት ለልብስ ሰፊ ነበር» ብለው ሄዱ። ወደ ማታ ሚስቴን ልጠይቅ ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል። አንኳኳሁ። ውስጥ ሰው እንዳለ ይሰማል፤ የከፈተ ግን የለም።

ሰኞ

ቁፋሮ። አርበኞቹ ዶማ ይዘው ወረዱ፤ ቀረርቶው ምንጩን አናወጠው። ካህኑ፣ ነጋዴው፣ ሸማኔው ሁሉ መጣ። ማንም አልጠራንም፣ ማንም አላስገደደንም። ለጣሊያን መንገድ ስንቆፍር ወገባችን ይቆረጥ ነበር፤ ዛሬ ያው ወገብ ነው፣ አላመመኝም።

ባላምባራስ በቅሎዋን አስረከቡ። ድንጋይ ስታመላልስ ዋለች፣ ሦስት ሰው ረገጠች። አዲስ አበባን ያየ አንድ ነጋዴ «ይህች የከተማ ንብረት ናት፣ ስሟ ማዘጋጃ ቤት ይሁን» ብሎ ሰየማት። አሁን ሕፃን ሁሉ ማዘጋጃ ቤት መጣች ይላል። ማሩም መጣ፣ ጢም ያለ ጋን፣ ነጭ ማር። ተበርዞ ቆፋሪው ሁሉ ብርዝ ጠጣ። አማቴ ማሩን ላኩ እንጂ ራሳቸው አልመጡም።

ሲያልቅ የውሃ አባት ይመረጥ ተባለ፣ ተራ የሚያስከብር። ባላምባራስ ተነሱ። «እኔን ጣሊያን በመድፍ አላስቆመኝም። እመት አንጓች በቃል አቆሙኝ። ከእሳቸው ሌላ ማን ይመረጥ?» አሉ። አንድ ቄስ ሴት እንዴት አባት ትባላለች ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንግዲያስ የውሃ እናት ይባሉ ተባለና እልል ተባለ። ሽማግሌዎች ሄደው ለመኗቸው። እሺ ብለዋል። ስለ እኔስ ምን አሉ ብል፣ «ያ ሰው» ብለው ነው የጠሩህ አሉኝ።

ማክሰኞ

አማቴ በትር ይዘው ቧንቧው ዘንድ ቆመዋል። የባላምባራስን አሽከር ከተራ ውጪ ሲገባ ከነእንስራው መለሱት። ተሰልፌ ቀዳሁ። እጅ ነሳሁ። ዓይናቸው በላዬ አለፈ፣ እንደ አጥር። ሥራቸው ደስ ይለኛል፣ ፊታቸው ያቃጥለኛል። ከጥሩወርቅ ወሬ የለም። ቀኑን ሙሉ አንድ እጅጌ ሦስት ጊዜ ሰፍቼ ሦስት ጊዜ ተረተርኩ።

ረቡዕ

ሳይነጋ ጎረቤት ጠራችኝ። ጥሩወርቅን ምጥ ይዟታል፣ ውሃ አምጣ ተብለሃል።

እንስራ አንስቼ በረርኩ። ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። ከሁሉም ኋላ ሄጄ ቆምኩ፤ የፈረድኩት እኔ ነኝ፣ ምን አፍ አለኝ? ከፊቴ ያለችው ሴት ፊቴን አይታ ምን ሆንክ አለችኝ። ነገርኳት። እለፍ አለች። አይሆንም አልኩ። «አንተ ሕግ አልጣስክም፤ ተራዬን የሰጠሁህ እኔ ነኝ» አለችና ገፋችኝ። ቀጣይዋም እንዲሁ። እየተገፋሁ፣ እየተመረቅሁ፣ ማርያም ትፍታት እየተባልኩ ቧንቧው ዘንድ ደረስኩ።

በሩን ሳንኳኳ አማቴ ወጡ። እንስራውን ተቀበሉኝ። እንደ ልማዳቸው በእጃቸው መዳፍ ቀዱና አሸተቱ፣ ቀመሱ። «ንጹሕ ነው» አሉና ገቡ። በሩን ዘጉት።

እደጅ ጉቶ ላይ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ማርያም ማርያም ይላሉ። ፀሐይ ወጣች፣ ሞቀች፣ እኔ አልሞቀኝም። ከዚያ እልልታ። ቆጠርኩት፣ ሦስት ጊዜ ነው። ሴት ናት።

በሩ ተከፈተ። አማቴ እጃቸው እርጥብ ነው፣ ፊታቸው ደክሟል፤ ሊስቁ ሲሉ ያዙት።

«እደጅ ምን ይጎልትሃል፣ ዳኛው? ግባ እንጂ» አሉኝ።

ገባሁ። ጥሩወርቅ ደክማለች፣ ደህና ናት። ልጅቱን አሳዩኝ። ቁርጥ አማቴን ትመስላለች፤ ገና ከአሁኑ ዓይኗን ስትገልጥ አስፈራችኝ።