በሲባጎ የታሰረው ጫማ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ደረጃውን እሺ ብሎ ይወጣልሻል ወይስ አሁንም እንደ ኩሩ እንግዳ ካልለመኑት አይነሳም? ያ በትከሻ ካልገፉት የማይከፈተው በራችንስ ተጠገነ? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልሆንኩም፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እስቃለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያነብልሽ ወንድሜም ሰላም ይሁን። አንተ አንባቢ፣ አደራህን፣ እንደ ባለፈው ረዘመብኝ ብለህ መሃሉን እንዳትዘልብኝ! የዛሬው ወሬ ያለው መሃሉ ላይ ነው።

እማዬ፣ ዱቄት ፋብሪካው የጆንያ አፍ የሚሰፋ ማሽን አስገብቶ አንቺን ወደ ቤትሽ እንደሸኘሽ ወንድሜ ጽፎልኛል። ከዚያ ወዲህ እጅሽን ጭንሽ ላይ አጋድመሽ «ይኼ እጅ ከእንግዲህ ምን ይሠራል?» እያልሽ እንደምትቀመጪም ነግሮኛል። ልመልስልሽ ብዬ ስንት ቀን ወረቀቱን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ። አሁን ግን መልሱ ራሱ መጣልኝ፤ ያውም የአራት ፎቅ ቁመት ይዞ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ማተሚያ ቤቱ ትልልቅ የማስታወቂያ ሸራ በቁራጭ በቁራጭ ያትማል፤ እኔና የሥራ ጓደኛዬ ደግሞ ቁራጮቹን ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ገጥመን እንሰፋለን። ጓደኛዬን ሁሉም «ሜትሮ» ይላታል፤ ማንኛውንም ነገር በዓይኗ ለክታ ልኩን ትናገራለች። አንድ ቀን አለቃችንን ከላይ እስከ ታች አይታ «አንተ ካለፈው ወር ሁለት ሴንቲ ሜትር አጥረሃል» አለችው፤ ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ሲሄድ ከረመ።

ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ እግሬ አውጪኝ ብዬ እሮጣለሁ። አትቆጪኝ፤ «ስትሮጪ ወድቀሽ ጥርስሽ ይረግፋል» ያልሽኝን አልረሳሁም፣ ጥርሶቼም ሁሉም አሉ። ከሁለት ወር በፊት ታዲያ ፌርማታው አጠገብ አንድ ሰው አስፋልቱ ላይ በሆዱ ተኝቶ አገኘሁ። የታመመ መስሎኝ «ምን ሆንክ ወንድሜ?» ብዬ ቆምኩ። ለካ ፎቶ አንሺ ነው፤ እግር ነው የሚያነሳው! አንድ የስፖርት ጫማ ድርጅት በማስታወቂያው ሻምፒዮን ማሳየት ሰልችቶት፣ ዘንድሮ አውቶቡስ የሚያባርሩ ሰዎችን አሳያለሁ ብሎ ልኮታል። ሩጪልኝ አለኝ፣ ሮጥኩለት፤ ፈርሚልኝ አለኝ፣ ፈረምኩለት፤ አውቶቡሱም ጥሎኝ ሄደ። የዚያን ቀን አለቃችን የተናገረኝን ለእናት አይጻፍም። ግን እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አይደል የሚባለው!

እግሬ ላይ የነበረው ያው የዚያው ድርጅት ጫማ ነው፤ ሰልባጅ ገዝቼው ጫፉ ሲሰነጠቅ በአረንጓዴ ክር የሰፋሁት። የቀኙ ማሰሪያ ከተበጠሰ ቆይቷል። በእሱ ፋንታ ሲባጎ አስገብቼ ያንቺን የጆንያ ቋጠሮ ቋጥሬበታለሁ፤ ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ በአውራ ጣት ሥር ሾልኮ፣ ጭራው ወደ ኋላ የሚመለሰውን። ጣቴን ይዘሽ ስታስተምሪኝ «ሲጎትቱት ይጠብቃል፣ ጭራውን ሲነኩት ይፈታል» ትይኝ ነበር።

ባለፈው ሰኞ አዲስ ሥራ መጣልን። ሜትሮ አንዱን ቁራጭ ዘረጋች። ጎንበስ ብላ ጫማዬን አየች፣ ቀና ብላ ሸራውን አየች፣ ከዚያ «ይኼ እኮ ያንቺ እግር ነው!» አለችኝ። አረንጓዴውን ክር ሳይ እጄን በአፌ ጫንኩ። ጫማዬ ከአልጋዬ ይበልጣል! ግን ደስታዬን ሳልጨርስ ማሰሪያውን አየሁት። ሲባጎው የለም። በኮምፒዩተር አጥፍተው አዲስ ነጭ ማሰሪያ አድርገውበታል፤ ሕፃን ልጅ ጸጉር ላይ እንደሚታሰር ሪባን ግራና ቀኝ ጆሮ ያለው።

ተናደድኩ እማዬ። በስንጥቁ ያላፈሩ ሰዎች በአንቺ ቋጠሮ አፈሩ። ማሽኑን አቁሜ «ይኼን አልሰፋም» አልኩ። አለቃችን «ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው! ሥዕሉ የነሱ ነው፣ አንቺ ስፊ!» ብሎ ጮኸብኝ። የምበላበት ሥራ ነውና ፈራሁ፤ አልዋሽሽም። በዚያው ሰዓት ግን የማስታወቂያው ኃላፊ ቀለሙን ልታይ ገባች፤ ዘናጭ ወጣት ናት። ከማሽኑ ተነስቼ «ይቅርታ፣ ይኼ አስተሳሰር ሁለት እርምጃ አያስኬድም። አውቶቡስ አባሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይስቅባችኋል» አልኳት። «የሚያስኬደው የቱ ነው ታዲያ?» አለችኝ።

ጫማዬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። አለቃችን ሲባጎውን ይጎትት ጀመር፤ ጎተተ፣ አላበው፣ በመጨረሻ አንድ እግሩን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ጎተተ። ቋጠሮው ፍንክች አላለም። እኔ ጭራውን በአንድ ጣቴ ነካ አድርጌ ፈታሁት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያማ ማን ይሥራ! ማሽኑ ሁሉ ቆሞ ሁሉም ሲባጎ ይዞ መቋጠር ሆነ። ኃላፊዋ ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስቴም የራሷን ጣት አብራ አሰረች። ሜትሮ ብቻ በሁለተኛው ተሳካላት። በመጨረሻ ኃላፊዋ ያ ሸራ በሙሉ ተጥሎ በመጀመሪያው ፎቶ እንደገና እንዲታተም አዘዘች። «ማን አስተማረሽ?» ስትለኝ «እናቴ። ሠላሳ ዓመት የጆንያ አፍ ያሰረች ናት» አልኳት። ይህን ስናገር አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አሁን አዲሱ ሸራ ተሰፍቶ ሊያልቅ አንድ ቁራጭ ቀርቶታል። ከእግሬ በላይ «አውቶቡሱ ያምልጠን እንጂ መንገዱ አያመልጠንም» ይላል። ከታች ደግሞ ኃላፊዋ «ቋጠሮው የእናቴ ነው» የሚል ይጻፍ ብላ ፈርሚልኝ አለችኝ። እምቢ አልኳት። እግሩ የኔ ነው፣ ቋጠሮው ግን የባለቤቱ ነው፤ እሷ ትጠየቅ አልኩ። ፎቶ ሲነሳ ከበሩ ኋላ እንደምትሸሸጊ ስለማውቅ ነው። የታችኛው ቁራጭ ባዶውን ተጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ ያንቺን መልስ ይጠብቃል። ደስ ካላለሽ ባዶውን ይሰቀላል፤ እኔም አልከፋም። እሱንስ ትንሽ ዋሸሁ፤ ይከፋኛል።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ አሁንም ሬዲዮኑ ሲናገር መልስ ይሰጠዋል? እቴቴን በጣም እንደናፈቀችኝ ንገሪልኝ፤ ግን ይህን ወሬ መልስሽ ሳይመጣ ሰማች ማለት አገር ሰማ ማለት ነውና እስከዚያው ደብቂያት። ታናሽ እህቴን ጉንጯን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ፤ ጫማሽን ስትሮጪ እንዳትጨርሺ ብላለች በያት። ወንድሜ፣ ሳትዘል እዚህ ከደረስክ ጉሮሮህን በውኃ አርጥብ፣ ጎበዝ ብዬሃለሁ።

እማዬ፣ ፖስታው ውስጥ አንድ ክንድ ሲባጎ አለ። እምቢ ካልሽ እንዳለ መልሺው። እሺ ካልሽ ግን ቋጥረሽ ላኪልኝ፤ የኔ ቋጠሮ ግልባጭ ነው፣ ኃላፊዋ ዋናውን ማየት ትፈልጋለች፣ አለቃችንም እጅጌውን ሰብስቦ ይጠብቀዋል። እጄ ሥራ ፈታ ላልሽው፣ ይኸው ሥራ ልኬልሻለሁ።

ልጅሽ

ከስፌት ክፍሉ፣ ከሰፊው ጠረጴዛ ጫፍ
ሐሙስ፣ ጥር ፲፪ ቀን