ያለ ቅባት

እሑድ፣ 7/5። ከሰዓት።

ሽፍታዬ ተመለሰ። ያው ቦታው፦ የክርኔ መታጠፊያ፣ ከዚያ አንገቴ፣ ከጆሮዬ ሥር። ጋን፣ የምሠራበት የሕፃናት ማቆያ ውስጥ፣ ሊሂን እያስተኛሁ ነው የጀመረኝ። ሊሂ ሁለት ዓመት አልሞላትም፤ ክንዴ ላይ ካልሆነ አትተኛም። ላቧ ክንዴን ያረጥበዋል፣ እኔን ይበላኛል፣ እሷ ታንኮራፋለች። ማከክ የለም። ጥርስ ነክሶ መቆየት።

ሪና አየችኝ። የጋኑ ኃላፊ ናት፤ ክፉ ሰው አይደለችም። እናቶቹ ይተላለፋል ወይ ብለው ጠይቀዋታል። ምን ልበላት? የቤተሰብ ሐኪሜ ባለፈው ወር ከወንበሩ ሳይነሳ ፈንገስ ነው ብሎኛል። ፈንገስ ይተላለፋል። ስለዚህ ከቆዳ ሐኪም ወረቀት እስካመጣ ልጆች መንካት የለም፤ ወጥ ቤት ገብቼ ሳህን ማጠብ። ካላመጣሁ ለሚመጣው ዓመት በቦታዬ ሌላ ሰው ትቀጥራለች። ቤሰደር፣ እሺ አልኳት። ፈንገስ ሳህን አይወድም መሰለኝ።

ደብተሬ፣ ለአንቺ ልንገርሽ፦ ፈንገስ አይደለም። የሰጠኝን ቅባት ሁለት ቱቦ ጨረስኩ፤ ንቅንቅ አላለም። ዲግሪ የለኝም፤ ቆዳው ግን የኔ ነው።

ማክሰኞ፣ 9/5። ማታ።

እማዬ የራሷ ምርመራ አላት። ምች ነው አለች። ላብሽ ሳይደርቅ ፀሐይ ላይ ወጣሽ፣ መታሽ፣ አለቀ። በረንዳው ላይ በቀለም ቆርቆሮ የተከለችውን ዳማከሴ ቆርጣ፣ አሽታ፣ ክንዴንም አንገቴንም ቀባችኝ። ከተማችን ክርያት ያም በሙሉ ሳይሸተው አልቀረም። ጎረቤታችን በመስኮት ብቅ ብሎ ምን እያበሰላችሁ ነው አለ።

ሁለት ሐኪም፣ ሁለት ስም፣ አንድ ክንድ።

አሁን እማዬ ተኝታለች፤ እውነቱን ልጻፍ። ፈራሁ። ሐኪሙ ልክ ከሆነስ? ሊሂ ስንት ጊዜ አንገቴ ሥር ፊቷን ቀብራ ተኝታለች! እሷ ላይ አንዲት ነጥብ ብትወጣ ራሴን ይቅር አልልም። ግን አልወጣባትም። ዛሬም በወጥ ቤቱ በር በኩል ደህና አድርጌ አየኋት። ጥርት ያለች ናት።

ሐሙስ፣ 18/5። አውቶቡስ ውስጥ።

ጉድ ነው! ቆይ፣ ከመጀመሪያው።

የቆዳ ሐኪም ጋ ሰው ቀርቶ ቶር፣ ቀጠሮ አገኘሁ፤ ሐይፋ፣ ተራራው ላይ። እማዬ ከእኔ በፊት ተነስታ ቫዝሊኑን ይዛ ቆማለች። ሰው ፊት አመድ መስሎ መቅረብ በእኛ ቤት ነውር ነው። ትምህርት ቤት ሲኬድ ቅባት፣ ሰርግ ሲኬድ ቅባት። ከጎንደር የመጣን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ አብረቀርቅ ነበር። እንግዲህ ሐኪም ፊት ደግሞ! ከግንባሬ እስከ ተረከዜ ተቀባሁ። እንደተወለወለ ጫማ ሆኜ ገባሁ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ትሑት። ክንዴን ያዘች፣ ጣቷ አዳለጣት። ቆዳሽ ያምራል አለችኝ። ይቀላል ወይ ብላ ጠየቀች። የኔ አይቀላም፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ አመድማ ይሆናል አልኳት። ብትፈልግ አላገኘችም። ለምርመራ ተፍቆ የሚወሰድ ነገር የለም፤ እስከዚያው የፈንገሱን ቅባት ቀጥዪ፣ ሲብስብሽ ነይ አለችኝ። ብሶብኛል እኮ! ወረቀት የለም።

ተናድጄ ወጣሁ። ይቺም አታይም፣ እሱም አያይም እያልኩ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። በላኝ። በሶፍት ጠረግ ጠረግ ሳደርገው፣ ያ ቅርፍርፉ ሁሉ ከቫዝሊኑ ሥር ብቅ! ሻካራ፣ አመድማ፣ ቁጭ ብሏል። ሐኪሟ ምን ታድርግ? ሸፋፍኜ ወስጄባት!

ደደብ አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ወታደር ቀና አለች። አንቺን አይደለም፣ እኔን ነው አልኳትና ሳቅ አመለጠኝ።

አርብ፣ 19/5።

ደወልኩ። አዲስ ቶር 6/6። ነርሷ አስረዳችኝ፦ ቆዳው እንዲፋቅ ከተፈለገ ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት ምንም መቀባት የለም። የፈንገሱም፣ ቫዝሊኑም፣ ቅጠሉም። ባዶውን።

ወሰንኩ። ለእማዬ ነገርኳት። ጦርነት። የኔ ልጅ አመዷን ነስንሳ ሐይፋ ልትወጣ! ሰው ምን ይላል፣ እናት የላትም ወይ አይልም! እኔም በራሷ ተረት መጣሁባት፦ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም፤ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ፊቷን አዙራ ወጥ ቤት ገባች። ያዝኳት ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ከወጥ ቤት ድምጿ መጣ፦ "የሸሸገ ነው እንጂ የተቀባ አይልም!"

ሴትዮዋ አትቻልም።

ሐሙስ፣ 1/6።

ይበላኛል። ይበላኛል። ይበላኛል። በቀዝቃዛ ውኃ እርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ ነው የምጽፈው። እግሬ ነጭ፣ ክንዴ ነጭ፣ የሰንበት ቀሚሴ ክንዴን እየፈተገ ገደለኝ።

ትናንት ክርያት ሞጽኪን የዘመድ ሰርግ ነበር። ሄድኩ፤ እጅጌዬን ሰብስቤ። አክስቴ ገና ሳትስመኝ የእጅ ቅባት ከቦርሳዋ አወጣች። አሞሻል? ባል ጥሎሽ ነው? ባል የለኝም፣ እትዬ፤ የሚጥለኝ ከየት ይመጣል። የአክስቴ ልጅ ከት ብላ ሳቀች፤ የሷ ተረከዝ ደግሞ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። አመድ በዱቄት ይስቃል አልኳት። አፏን ያዘች። ጨፈርኩ፤ እስክስታ ቫዝሊን አይጠይቅም።

ዛሬ ግን ሊሂ አንጀቴን በላችው። ወጥ ቤቱ በር ድረስ መጥታ ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ። እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ። ጠበቀች። ሪና መጥታ አነሳቻት። ሳህን ማጠቢያው ላይ አጎንብሼ አለቀስኩ፣ እውነተኛ ለቅሶ። ከዚያ ድስቱን ጨረስኩ።

አምስት ቀን ብቻ።

ማክሰኞ፣ 6/6። ጠዋት፣ የሐኪሟ በር።

እማዬ አብሬሽ እሄዳለሁ ብላ ተነሳች። ልትነጅሰኝ ነው ብዬ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ጎኔ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ አፏን ሞልታ ሰላምታ ሰጠች። ቁልቁል ሳይ ግን ቅልጥሟ ነጭ ነው። አመድ! ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ እንኳ ሳትቀባ የማትወጣ ሴት። ምነው እማዬ አልኳት። ቅባቱ አልቆ ነው አለች፣ ወደ መስኮቱ ዞራ።

ቁጥሬ ወጣ። ልግባ።

ያው ቀን። ማታ።

አየችው! ገና እጅጌዬን ስሰበስብ። እንዴት ባለፈው አላየሁትም አለች፤ ቅባቱን ነገርኳት። አልሳቀችም። ጠቆር ያለውን በጣቷ እየተከተለች፣ በእኔ ዓይነት ቆዳ ላይ እንዲህ እንደሚታይ ለራሷም እንደምታስተምር ሰው ቀስ ብላ ተናገረች። ፋቀች፣ በማጉያው አየች። የፈንገስ ምልክት የለም። የላብራቶሪው መልስ ቆይቶ ይመጣል፤ እሷ ግን ኤክዜማ ነው አለች። ላብ የሚያስነሳው፣ ወደ ሰው የማይተላለፍ። ሽታ የሌለው ቅባት ጻፈችልኝ። ልጅ ስታስተኚ ክንድሽ ላይ የጥጥ ጨርቅ አድርጊ አለች። ወረቀቱንም ጻፈች፦ ልጆች መያዝ ትችላለች።

እማዬ ሰማችና፣ ምች አይደለም ማለት ነው? ብላ ቅር አላት።

ነገ ለሪና ወረቀቱን፣ ለሊሂ ክንዴን። ጨርቁን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌዋለሁ።

ቤት ስንገባ መታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አዲስ የቫዝሊን ዕቃ ቁጭ ብሏል። ከፈትኩት። እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ጣት አልነካውም። ይዤው ሄድኩና እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። አሁን ማታ ለማን ልታይ ነው ብላ ተቆጣች፤ እግሯን ግን ዘረጋችልኝ። አንዱን ቅልጥም ጨርሻለሁ፣ ሁለተኛው ይቀረኛል። ይህን ሳልረሳ ልጻፍ ብዬ እንጂ እጄ ሙሉ ቅባት ነው፣ እስክርቢቶው እየተንሸራ