የሚቆመው እጄ

ጥቅምት 24
ቀኑን ሙሉ ፋይል ሳገላብጥ ዋልኩ። ከቢሮ ወጥቼ ሜዳ ወረድኩ። ያው ነው። የገና ዱላዬን አንስቼ እመታለሁ፣ እሩሯ፣ የእንጨት ኳሷ፣ አሥር እርምጃ ትሄድና ጭቃው ላይ ቁጭ። ጋሽ ወልደ የሱስ፣ ዱላችንን የሚጠርቡልን አናጺ፣ አሠልጣኛችንም እሳቸው ናቸው፣ "ቀነዓ፣ አነሣስህ ጥሩ ነው፤ መሀል ላይ ግን ትጸጸታለህ" አሉኝ።
ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ከነከነኝ። አምና በተጋጣሚዎቻችን በቡሬዎች ግብ ፊት ብቻዬን ቆሜ የሳትኩት ትዝ አለኝ። ሠላሳ ስምንት ሞላኝ። ዘንድሮ ካልሆነ መቼ?

ጥቅምት 27
ምክር አላጣሁም። ጉልበትህን ሰበር አድርግ። ዓይንህን ከእሩሯ አትንቀል። ዱላውን አንቀህ አትያዝ። ሁሉንም አደረግሁ። እጄ ግን ይቆማል... ለምን?

ኅዳር 3
አዲስ ልምምድ ተሰጠኝ። ሁለት የበቆሎ ቆረቆንዳ ማቆም፣ በመሀላቸው አንድ ስንዝር። የፊተኛውን መትቶ ዱላው ሳይቆም ሁለተኛውንም ጠርጎ ማለፍ። በቀን መቶ ጊዜ።
ጓሮ ጀመርኩ። ሚስቴ ሴና ልብስ እያሰጣች ታየኛለች።
"የፊተኛው ምን አደረገህ? ሁለተኛውንስ ለምን ማርከው?"
እውነቷን ነው። ሁለተኛውን የጠረግሁት ከመቶው ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነው።

ኅዳር 9
ዝናብ። አልወጣሁም።

ኅዳር 14
ጋሽ ወልደ የሱስ ቁርጡን ነገሩኝ። የተጫዋቾች ስም ታኅሣሥ 10 ይወጣል። "እስከዚያ እጅህ ካልተፈታ ቦታህን ለሱፊያን እሰጣለሁ። እንዳትቀየመኝ።"
አልቀየምም አልኳቸው። ውሸቴን ነው፤ ተቀይሜያለሁ። ሱፊያን ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ምንም ሳያስብ ነው የሚመታው።

ኅዳር 21፣ ሁሩሙ
አባቴ ዘንድ ነኝ። የቡናውን ሥር አብረን ስንመነጥር ዋልን። ጎንበስ ብለው ገጀራቸውን ሲሰነዝሩ አየሁ። አረሙን ይቆርጣሉ፣ ይቆርጣሉ፣ የቡናው ግንድ ጋ አንድ ጣት ሲቀራቸው... ቀጥ። ሁልጊዜ። ከዚያ የራሴን እጅ አየሁ። ያው!
ገጀራ ያስያዙኝ በዘጠኝ ዓመቴ ነው። በሦስተኛው ቀን አንድ ችግኝ ከሥሩ ቆረጥኩ። አልመቱኝም። መሬት ላይ ተቀምጠው ችግኙን በእጃቸው እንደያዙ ቆዩ። እስኪመሽ አላናገሩኝም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። እጄ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው የሚቆመው። ሜዳው ላይ ቡና እንደሌለ ማን ይንገረው?

ኅዳር 23
ለጋሽ ወልደ የሱስ ነገርኳቸው። "የሁሩሙ ልጆች ግብ የማይሆንላችሁ ለካ ለዚህ ነው!" ብለው ሳቁ። ቆይተው፣ "በሁለተኛው ቆረቆንዳ ቦታ ለምለም ቅርንጫፍ ትከል። ራስህ ተክለህ ራስህ ጠርገህ እለፍ" አሉኝ።
ተከልኩ። የመጀመሪያውን ቀን አንዱንም አልነካሁም።

ኅዳር 30
ሠላሳ አንድ ጠረግሁ። ሆዴ ይባባል። ለቅርንጫፍ!

ታኅሣሥ 10
ስሜ አለ።

ታኅሣሥ 18
ነገ ቡሬ። ሴና ማልያዬን አጥባልኛለች። ፈርቻለሁ።

ታኅሣሥ 21፣ ሁሩሙ
ከቡሬ ስመለስ ቀጥታ አባቴ ዘንድ መጣሁ። ስለ ጨዋታው አልጠየቁኝም፤ እኔም አላነሳሁም። ጠዋት አዲሱን ችግኝ ልናጸዳ ወጣን። ገጀራዬን ሰነዘርኩ... አልቆመም። ችግኙ ከነቅጠሉ እግራቸው ሥር ወደቀ።
በድን ሆንኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ተመልሶ መጣ። አባቴ ጎንበስ ብለው አነሱት። የተቆረጠበትን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱ፤ ከዚያ እጄን አዩ።
"እሩሯስ? ገባች?"
"ገባች፣ አባዬ። ሁለት ጊዜ።"
ችግኙን እንደያዙ መሬት ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ያለውን ሣር መታ መታ አደረጉልኝ።
"ና ቁጭ በል፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ። ከመጀመሪያው ንገረኝ።"
እስኪመሽ አወራን።